ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪና ስታወዳድሪ መለኪያውን ከየት ነው የምትጀምሪው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ አዳማ ነው የምኖረው። ለፊዚክስ ፕሮጀክት አራት ሆነን «ከሃይብሪድና ከኤሌክትሪክ መኪና በኢፊሸንሲ የቱ ይበልጣል» የሚል ርዕስ ወስደናል። አጎቴ ሃይብሪድ አለው፣ ጎረቤታችን ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና አለው፣ ሁለቱም ለኩት ብለው ፈቅደውልናል። ችግሩ አንዱ በሊትር ነው ሌላው በኪሎዋት ሰዓት፣ እንዴት አድርገን ነው አንድ ላይ የምናስቀምጣቸው? ከግሩፓችን አንዱ ልጅ ኤሌክትሪክ መኪና መቶ ፐርሰንት ኢፊሸንት ነው ምንም አይባክንም ብሎ ድርቅ ብሏል፣ ሌላዋ ደግሞ መብራቱም እኮ ከሆነ ቦታ ነው የሚመጣው ስለዚ ያው ነው ትላለች። መምህራችን «መጀመሪያ ምን እንደምትለኩ ወስኑ» ብሎን ሄደ። እባክዎ ይርዱን፣ ማስረከቢያው ደርሷል። — ሜ. ከአዳማ

መልስ፦ ሜ. የኔ ጎበዝ፣ መምህራችሁ እኮ ዋናውን ነገር ነግሯችሁ ነው የሄደው። ጓደኞችሽ የሚጨቃጨቁት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው፣ አንዱ ስለ ሞተሩ ነው የሚያወራው ሌላዋ መብራቱ ስለሚመነጭበት ግድብ፣ ስለዚ እስከ ሰኔ ቢከራከሩ አይግባቡም። ሃይብሪድ ማለት ቤንዚን ሞተርና ኤሌክትሪክ ሞተር አንድ ላይ ያለው መኪና ነው፣ ኢፊሸንሲ ደግሞ ከገባው ኃይል ምን ያህሉ ለሥራ እንደዋለ ነው። መጀመሪያ ዩኒቱን እናስተካክልና ከዛ ወደነሱ ጭቅጭቅ እንመለስ።

አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 8.9 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ኃይል አለ። ይቺን ቁጥር ደብተርሽ ላይ ትልቅ አድርገሽ ጻፊያት፣ ፕሮጀክቱ በሙሉ እሷ ላይ ነው የቆመው። አሜሪካኖቹ፣ ኢ.ፒ.ኤ. የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው ማለት ነው፣ አንድ ጋሎን ቤንዚን 33.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው ብለው ነው የሚያሰሉት፣ ጋሎኑ 3.785 ሊትር ስለሆነ ስታካፍይው 8.9 ይመጣልሻል። እንግዲህ የአጎትሽ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር የጠጣውን ሊትር በ8.9 ስታባዢው እሱም ኪሎዋት ሰዓት ሆነ ማለት ነው፣ ከጎረቤታችሁ መኪና ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ተማሪ ፕሮጀክቱን የሚያበላሸው እዚ ጋ ነው፣ ትንሽዬ ሃይብሪድ ከትልቅ ኤሌክትሪክ ኤስ.ዩ.ቪ. ጋር ያወዳድርና የመኪናውን ክብደት ከቴክኖሎጂው ጋር ያምታታዋል። የአጎትሽና የጎረቤታችሁ መኪና በክብደት ከተራራቁ ይሄንን ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉት። ጎን ለጎን ደግሞ ንጹሕ ንጽጽር እንዲኖራችሁ የሂዩንዳይ አዮኒክን ቁጥር ጨምሩበት። የመጀመሪያው አዮኒክ የሚገርም መኪና ነው፣ በአንድ አካል ሦስት ዓይነት ሆኖ ነው የወጣው፣ ሃይብሪድ፣ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ (ከሶኬትም ቻርጅ የሚደረግ ሃይብሪድ) እና ሙሉ ኤሌክትሪክ፣ ስለዚ ለተማሪ ከሱ የተሻለ ናሙና አይገኝም። ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ማራቶን ሞተር እዚሁ ገጣጥሞ ያሳየው ኤሌክትሪክ መኪናም አዮኒክ ነው።

የ2017 ሞዴሉን (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) እንውሰድ። በኢ.ፒ.ኤ. ምዘና ሃይብሪዱ፣ ቆጣቢው ዓይነት፣ በጋሎን 58 ማይል ይሄዳል፣ ወደኛ ስንቀይረው በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር ከምናምን ነው። ይሄ በ8.9 ሲባዛ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ በ100 ማይል 25 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚበላው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 15.5 ማለት ነው፣ ያውም ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተደምሮበት፣ ምክንያቱም ኢ.ፒ.ኤ. የሚለካው ከግድግዳው ሶኬት ነው። 36 ለ15.5። ከሁለት እጥፍ በላይ ልዩነት፣ በአንድ ዓይነት አካል ላይ።

እሺ፣ አሁን ወደዛ ድርቅ ወዳለው ልጅ። መቶ ፐርሰንት የሚባል ነገር የለም በሉት። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ ጥሩ ነው፣ ከ90 በመቶ በላይ ይሠራል፣ ግን ከሶኬት እስከ ባትሪ ድረስ ቻርጀሩ ይሞቃል፣ ባትሪው ይሞቃል፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶው እዛው ይቀራል። ከዛ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ እንዲስማማ የሚቀይረው ኢንቨርተር አለ፣ ጊር አለ፣ ማቀዝቀዣው አለ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ከሶኬት የወጣው ኃይል ከ77 በመቶ በላይ የሚሆነው ጎማ ጋ ይደርሳል ይላል፣ ለተራ ቤንዚን መኪና ደግሞ የሚሰጠው ከ12 እስከ 30 በመቶ ነው፣ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። የቤንዚን መኪና ኮፈን ከጉዞ በኋላ ስትነኪው የሚያቃጥልሽ እኮ የተከፈለበት ነዳጅ ነው!

ሃይብሪዱ መሃል ላይ ነው ያለው። ብዙ ሰው ሃይብሪድ ግማሹን በመብራት ይሄዳል ብሎ ያስባል፣ አይደለም፣ ቻርጅ የማይደረገው ሃይብሪድ አንዷን ኪሎዋት ሰዓት እንኳ ከቤንዚን ውጪ አያገኝም፣ ባትሪው ውስጥ ያለው በሙሉ ወይ ሞተሩ የሞላው ነው ወይ ፍሬን ሲያዝ የተመለሰ ነው፣ የተመለሰውም መጀመሪያ በቤንዚን የተገኘ ፍጥነት ነው። ታዲያ ቁጠባው ከየት መጣ? ቶዮታ ፕሪየስ የሚባለውን ሃይብሪድ በ1997 (በፈረንጆቹ) ጃፓን ላይ ሲያወጣ ያደረገው ብልሃት ሞተሩ በማይመቸው ሰዓት እንዳይሠራ መከልከል ነው፣ ሲቆም ይጠፋል፣ ዝግ ብሎ ሲሄድ ኤሌክትሪኩ ይጎትታል፣ ቤንዚኑ የሚነሳው ደህና አድርጎ በሚሠራበት ጭነት ላይ ነው። አትኪንሰን የሚባለውን ዙር (ከተቃጠለው ነዳጅ ብዙ ጉልበት የሚያወጣ የሞተር አሠራር ነው) ስለሚጠቀምም አራተኛው ትውልድ ፕሪየስ ላይ ሞተሩ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል፣ ለቤንዚን ሞተር ይሄ ትልቅ ቁጥር ነው፣ ግን ቢበዛ ቢበዛ ነው፣ አማካዩ ከዛ በታች ነው።

ቀጥሎ ያቺ «መብራቱም ከሆነ ቦታ ነው የሚመጣው» ያለችው። ልክ ናት፣ ግን «ስለዚ ያው ነው» ያለችው ልክ አይደለም። መለኪያውን ከሶኬት ሳይሆን ከምንጩ ብትጀምሩት መልሱ በየአገሩ ይለያያል፣ ፕሮጀክታችሁን የሚያሳምረውም ይሄ ክፍል ነው። የአዮኒኩን 15.5 ያዢ። መብራቱ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ከሆነ፣ ደቡብ አፍሪካ አብዛኛው እንደዛ ነው፣ የከሰል ጣቢያ ካቃጠለው ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ከሲሶ ትንሽ በልጦ ነው፣ የመስመር ብክነቱን ስትጨምሪበት 15.5ቷ ከምንጩ ስትታይ ወደ 45 ትጠጋለች። ለሃይብሪዱም ፍርድ አታጓድሉ፣ ድፍድፉ ተቆፍሮ፣ ተጣርቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በቦቴ አዳማ እስኪገባ ድረስ የሚበላው ኃይል አለ፣ አንድ አምስተኛ ብለሽ ጨምሪበት፣ 36ቷ 43 ትሆናለች። እንግዲህ በከሰል አገር ሁለቱ በኃይል ተቀራረቡ። በካርቦን ግን አይቀራረቡም፣ ከሰል ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ኤሌክትሪኩ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ አለፈ ማለት ነው፣ ሃይብሪዱ ከ4 ሊትሩ (አንድ ሊትር 2.3 ኪሎ ይወጣዋል) የሚለቀው 9.5 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ማጣራትና ማጓጓዙ ተጨምሮበትም 12 አይሞላም። ስለዚ «ኢፊሸንሲ» እና «ብክለት» አንድ ናቸው ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ መምህሩ ቀይ ያደርግባችኋል።

እኛ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ነፋስና እንፋሎት አለበት። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ነው። የውሃ ተርባይን የሚወድቀውን ውሃ ኃይል 90 በመቶ ገደማ ይቀይረዋል፣ መስመር ላይ ደግሞ ለጥንቃቄ አንድ አምስተኛው ይባክናል ብላችሁ ብትይዙ እንኳ 15.5ቷ 21 ወይ 22 ነው የምትሆነው። በ43 ፊት! ይሄን ስሌት ሦስት አምድ ያለው ሠንጠረዥ አድርጋችሁ ብታስገቡት፣ ከሶኬት፣ ከከሰል፣ ከውሃ ብላችሁ፣ የሁለቱም ጓደኞችሽ ክርክር እዛው ያልቃል።

አሁን ልኬቱ። ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ማንም ይገለብጠዋል፣ መኪና አግኝታችሁ ካልለካችሁ ምኑን ፕሮጀክት ሆነ።

ለሃይብሪዱ፦ ማደያ ገብታችሁ ሙሉ አስሞሉ፣ መቅጃው ራሱ ጠቅ ብሎ ሲያቆም በቃ በሉት፣ ቀጂው «ትንሽ ይጨምራል» ብሎ መኪናውን እየነቀነቀ እንዳይሞላ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፉ፣ ሂዱ፣ ተመለሱ፣ እዛው ማደያ እዛው ፓምፕ ላይ እንደገና ጠቅ እስኪል አስሞሉ። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሊትር ነው የተበላው። ጉዞው አጭር እንዳይሆን፣ ሃይብሪድ በ100 ኪሎ ሜትር የሚጠጣው 4 ወይ 5 ሊትር ስለሆነ አሞላሉ ላይ ግማሽ ሊትር ብትስቱ ከ10 በመቶ በላይ ስህተት ነው፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከሆነ ግን ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ለኤሌክትሪኩ፦ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን በ100 ኪሎ ሜትር ይሄን ያህል የሚለውን ቁጥር ጻፉት፣ ግን በሱ ብቻ አትመኑ፣ እሱ ከባትሪው የወጣውን ነው የሚነግራችሁ እንጂ ከግድግዳ የገባውን አይደለም። ዳሽቦርዱ 18 ካለ ቆጣሪው 20 ወይ 21 ሊል ይችላል። ስለዚ ከመውጣታችሁ በፊት ባትሪው የሆነ ፐርሰንት ላይ ይሁን፣ 90 እንበል፣ ስትመለሱ እንደገና እስከ 90 ቻርጅ አድርጉትና የገባውን ኪሎዋት ሰዓት ያዙ። የቻርጀሩ ሳጥን ስክሪን ካለው ከሱ ላይ አንብቡ፣ ከሌለው ከቤቱ ካርድ ቆጣሪ ላይ ከመሰካቱ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ቀንሱ። እዚ ጋ ግን ጎረቤታችሁን አስቸግሩ፣ በዛ ሌሊት ቤት ውስጥ እንጀራ እንዳይጋገር! የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ አዮኒኩን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ነው፣ የናንተን ልኬት ገደል ይከተዋል። ፍሪጁ ትንሽ ነው፣ የማይጠፋ ከሆነ መኪናው ሳይሰካ አንድ ሌሊት የሚበላውን ለክታችሁ ቀንሱለት።

ሁለቱም መኪና የጎማ ንፋሱ በፋብሪካው ልክ ይሁን፣ የሰው ብዛት እኩል፣ ኤሲ ወይ ሁለቱም ላይ ይብራ ወይ ሁለቱም ላይ ይጥፋ፣ ሹፌሩ አንድ ሰው ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ከመኪናው በላይ የሚያባክን እግር አለ።

መንገዱን በተመለከተ እናንተ የአዳማ ልጆች ዕድለኛ ናችሁ፣ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው ፈጣን መንገድ ደጃችሁ ላይ ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለክታችሁ እንዳትጽፉ። ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ ስትወጡ 500 ሜትር አካባቢ ከፍ ትላላችሁ። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ለማንሳት፣ ኤም ጂ ኤች ተምራችኋል አይደል፣ 1,800 በ9.8 በ500 ሲባዛ 8.8 ሚሊዮን ጁል ነው፣ በ3.6 ሚሊዮን ሲካፈል ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሜዳ ቢሆን 15 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ መኪና ሲወጣ 17.5 ይበላል፣ ሲወርድ 13 አካባቢ። ሲወርድ ብቻ የለካ ሰው የዓለም ሪከርድ የሰበረ ይመስለዋል። ደርሶ መልስ አድርጉና አማካዩን ውሰዱ፣ ከቻላችሁ ግን የሁለቱንም አቅጣጫ ለየብቻ ጻፉት፣ ምክንያቱም ሲወርድ የተመለሰውን ማሳየት ራሱን የቻለ ውጤት ነው።

ይሄ የቁልቁለት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሁለቱ ልዩነት በዓይን የሚታየው እዚ ላይ ነው። ጎጃም በር ወጥተሽ ጎሃ ጽዮን ስትደርሺና ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ድልድዩ እስኪደረስ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁለት አለ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና እዛ ላይ የሚለቀው ኃይል ከ5.5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። የድሮው ፕሪየስ ባትሪ ግን ጠቅላላ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ እሱም ሙሉው አይነካም። ስለዚ ገና ከመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች በኋላ ባትሪው ሞልቶ ቁጭ ይላል፣ ከዛ በኋላ መኪናው ትርፉን የሚጥልበት ስለሚያጣ ቤንዚን ሳያቃጥል ሞተሩን እያስጮኸ በሞተር ፍሬን ይወርዳል፣ ማርሹ ላይ «ቢ» የምትለው ለዚ ነው። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ኤሌክትሪክ መኪና ግን ከዛ ቁልቁለት አብዛኛውን ሰብስቦ ወደ ደጀን ሲወጣ መልሶ ይጠቀምበታል። ብቻ ጎሃ ጽዮን ላይ መቶ ፐርሰንት ሞልቶ የተነሳ ኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ፕሪየሱ ነው የሚሆነው፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሪጀነሬሽኑ (ፍሬን ሲያዝ ኃይል ወደ ባትሪው መመለሱ) ይቀንሳል፣ ሹፌሩ መኪናው እንደለመደው አልይዝ ይለውና ይደነግጣል። እዛ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው 100 አይሙላ፣ 85 ይበቃዋል።

ሁለት መንገድ ላይ ለኩ፣ አንዱ ፈጣን መንገዱ ሌላው ከተማ ውስጥ። ሃይብሪድ ከተማ ውስጥ ነው የሚያምርበት፣ የ2016 (በፈረንጆቹ) ፕሪየስ በኢ.ፒ.ኤ. ምዘና ከተማ ውስጥ በጋሎን 54፣ ሀይዌይ ላይ 50 ማይል ነው፣ ተራ ቤንዚን መኪና ግን ተቃራኒው ነው። ኤሌክትሪኩም ከተማ ይወዳል። ፈጣን መንገድ ላይ በ120 ስትነዱ የአየሩ ግፊት በ60 ከነበረው አራት እጥፍ ነው፣ የሚመለስ ፍሬንም የለም፣ ስለዚ ሁለቱም ይበላሉ፣ በፐርሰንት ሲታይ ግን ኤሌክትሪኩ ላይ ጎልቶ ይታያል። በነገራችን ላይ እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲወዳደር 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ይሄ ለሁለቱም መኪና የአየር ግፊቱን ያቀልላቸዋል፣ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ግን የሚተነፍሰውም ስለሚቀንስበት ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፣ እንጦጦም ላይ አዋሽም ላይ ያው ነው።

ገንዘቡን ማስገባት ከፈለጋችሁ በመጨረሻ አስገቡት፣ ከኢፊሸንሲ ጋር አትደባልቁት። የቤንዚኑን ዋጋ በለካችሁበት ቀን ማደያው ላይ ካለው ውሰዱ፣ የመብራቱን ግን አማካይ ታሪፍ እንዳትወስዱ፣ የቤት ታሪፍ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የላይኛው እርከን ዋጋ ይጨምራል። በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት መኪና ገዝቶ በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 300 ገደማ ይጨምርበታል፣ ያ 300 በሙሉ የሚሰላው ከላይ ባሉት እርከኖች ነው። መኪናው የሚከፍለው የዛን ዋጋ እንጂ የአምፖሉን ዋጋ አይደለም።

ባትሪው ሲመረት የሚወጣው ካርቦንስ የሚል መምህር ወይ ተማሪ አይጠፋም፣ በፕሬዘንቴሽን ቀን ተዘጋጅታችሁ ጠብቁት። በብዛት የሚጠቀሰው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የአዮኒኩ ባትሪ 28 ነው፣ በ80 ብታባዙት ሁለት ቶን ከምናምን ይመጣል፣ እኛ አገር መብራት ላይ ከሃይብሪዱ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ኪሎ እያተረፈ ከሄደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል። በከሰል መብራት ግን ጭራሽ አይከፍለውም።

ጥያቄ፦ ቻይና ሠራሽ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፣ ሻጩ 600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኝ ነበር፣ ሙሉ ቻርጅ አድርጌው ከ430 አላለፈም። ባትሪው ያገለገለ ነው የሸጡልኝ? ወይስ ሁሉም እንደዚ ነው? — ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ

መልስ፦ አይደንግጡ፣ ባትሪዎ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የነገሩዎት ቁጥር ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. በሚባለው የቻይና ምዘና የወጣ ይመስላል፣ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር የገባው መኪና ብዙው ከቻይና ገበያ ስለሆነ ሁሉም ሻጭ የሚጠራው ይሄንኑ ነው። ምዘናው በአማካይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ነው የሚነዳው፣ ከፍተኛው ፍጥነት 114 ብቻ ነው፣ ዳገት የለም። የአውሮፓው ደብሊው.ኤል.ቲ.ፒ. በአማካይ 46 ላይ ነው፣ እስከ 131 ይደርሳል፣ ስለዚ ያው መኪና እዛ ላይ ያነሰ ቁጥር ያወጣል። የአሜሪካው ኢ.ፒ.ኤ. ደግሞ ከሁሉም ይቆነጥጣል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያገኘውን ብዙ ጊዜ በ0.7 አባዝቶ ነው ለገዢው የሚሰጠው። የእርስዎን 430 ለ600 ያካፍሉት፣ 0.72 ነው። ለሰው የሚነገረው ቁጥር እንጂ ባትሪው አልዋሸዎትም።

ባትሪውን መጠራጠርዎ ካልለቀቀዎት ከ90 እስከ 20 ፐርሰንት ድረስ ይንዱና መልሰው ሲሞሉ ከቆጣሪ የገባውን ኪሎዋት ሰዓት ይያዙ። 70 ፐርሰንቱን ነው የሞሉት፣ ስለዚ በ0.7 ሲያካፍሉት የሙሉው ይመጣል፣ ከሱ ላይ ለቻርጅ ብክነት 10 በመቶ ገደማ ይቀንሱና ከመኪናው ወረቀት ላይ ካለው የባትሪ መጠን ጋር ያስተያዩት። በጣም ከራቀ ያን ጊዜ ሻጩን ይያዙት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ኡበር ነው የምሠራው፣ አሁን ያለኝ የድሮ ፕሪየስ ነው። ጓደኞቼ ኤሌክትሪክ ግዛ ይሉኛል። የምኖረው አፓርታማ ነው፣ ፓርኪንጉ ላይ ቻርጀር የለም። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላንተ መልሱ ያለው መኪናው ላይ አይደለም፣ ሶኬቱ ላይ ነው። እንዲ አስበው፦ ጋሎን በ3 ዶላር ከ20 ቢሆንና ፕሪየስህ 50 ማይል ቢሄድ ማይሉን 6 ሳንቲም ከምናምን ትከፍላለህ። ኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.5 ማይል ቢሄድልህ፣ ቤት በ15 ሳንቲም የምትሰካ ከሆነ ማይሉ 4 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ ትርፍ ነው። መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር በ50 ሳንቲም የምትሞላ ከሆነ ግን ማይሉ 14 ሳንቲም ገባ፣ ከፕሪየስህ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በኃይል ኢፊሸንሲ ኤሌክትሪኩ ያሸንፋል፣ በኪስህ ግን ተሸነፍክ። በዛ ላይ ደግሞ ቻርጅ ላይ ቆመህ የምታጠፋው ሰዓት አለ፣ እሱ ላንተ የሥራ ሰዓት ነው።

ክረምቱንም ቁጠረው። ጥር ላይ ብርዱ ሲገባ ቤንዚን መኪና የሚያሞቅህ በሚጣለው ሙቀት ነው፣ ነፃ ማለት ይቻላል፣ ኤሌክትሪኩ ግን ሙቀቱን ከባትሪው ነው የሚሠራው። ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጪው አየር እየሳበ የሚያስገባ ማሞቂያ) ያለው መኪና ጉዳቱን ይቀንሰዋል፣ የሌለው ግን ተሳፋሪ በወጣ በገባ ቁጥር በር ሲከፈት ባትሪህን ታየዋለህ። ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ላንተ አይሆንም፣ የማይሰካ ፕለግ ኢን ትልቅ ባትሪ የተሸከመ ከባድ ሃይብሪድ ነው።

አከራዮችህን ፓርኪንጉ ላይ ቻርጀር የመትከል ሐሳብ እንዳላቸው ጠይቃቸው፣ ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር ሆነህ በጽሑፍ ብትጠይቅ ደግሞ ይሻላል። እነሱ እስኪተክሉ የፕሪየሱን ባትሪ ፋን አጽዳው፣ ከኋላ ወንበሩ ጎን ያለችውን የአየር መግቢያ ማለቴ ነው፣ የተሳፋሪ ልብስ ብናኝና የውሻ ፀጉር ይደፍናታል፣ ባትሪው ሲሞቅ ዕድሜው ያጥራል፣ ማይሉም ይወርድብሃል።